አህጉር እና አጀንዳ፦ የላቲንን ብዙ ቁጥር በግእዝ በኩል ያስተማርሁበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። እዚህ ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ፣ ተማሪዎቼ ከላቲን የመጡ ቃላትን በብዛት የሚያገኙት በባዮሎጂ መጽሐፋቸው ውስጥ ነው፤ የብዙ ቁጥራቸውን ነገር የሚጠይቁት ግን እኔን ነው። ለብዙ ዓመታት የምሰጣቸው መልስ አጭር ነበር፦ በ«ኧስ» ያለቀ ቃል ሲበዛ በ«አይ» ያልቃል፣ በ«ኧም» ያለቀ ደግሞ በ«አ» ያልቃል። ኒውክሊየስ ኒውክሊያይ፣ ባክቴሪየም ባክቴሪያ ይሆናል ማለት ነው።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በፈተና ላይ ቫይረስን «ቫይራይ»፣ ጂነስን «ጂናይ»፣ ኦክቶፐስን «ኦክቶፓይ» ብላ አበዛች፤ እኔም ሦስቱንም በቀይ ሰረዝሁባት። ደብተሯን ይዛ መጥታ «መምህር፣ እርስዎ በሰጡን ሕግ ነው የሠራሁት» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ነጥቧን መለስሁላት፤ ስሕተቱ የእኔ ነበርና።

በልጅነቴ መንዝ ውስጥ ዳዊት ያስደገሙኝ የኔታ ስለ ግእዝ ብዙ ቁጥር አንድ ሕግ ሰጥተውን አያውቁም። ጻድቅ ጻድቃን፣ ካህን ካህናት፣ ልብስ አልባስ፣ ንጉሥ ነገሥት እያሉ ቃሉን ከነብዙው ያስይዙን ነበር፤ የአበዛዙ መንገድ ብዙ ስለሆነ ቃሉ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ግድ ነበር። ላቲንም እንዲሁ ስሞቹን መጨረሻቸው በሚለዋወጥበት መንገድ በአምስት የርባታ ወገን እንደሚከፍል ከተረዳሁ በኋላ የተማሪዬ ስሕተት ምንጩ ግልጽ ሆነልኝ። ኒውክሊየስ እና ስቲሙለስ ከሁለተኛው ወገን ስለሆኑ በ«አይ» ይበዛሉ። ጂነስ ግን መጨረሻው ቢመስልም ከሦስተኛው ወገን ነውና ጄነራ ይሆናል፤ ኮርፐስም ኮርፖራ ይባላል። ቫይረስ በላቲን መርዝ ማለት ሲሆን እንደ ውኃ የማይቆጠር ስም ስለነበር፣ እንግሊዝኛ በራሱ «ስ» ያበዛዋል። ኦክቶፐስ ደግሞ ከመነሻው ግሪክ ስለሆነ የላቲኑ «አይ» አይገባውም። አውቶቡስን የምንጠራበት «ባስ» እንኳ ከላቲኑ «ኦምኒቡስ» የተቆረጠ ጭራ ነው፤ ትርጉሙም «ለሁሉም» ስለሆነ ከቀድሞውም ብዙ ቁጥር ነበር።

ከዚህ በኋላ ሰሌዳውን ለሁለት ከፍዬ በአንድ በኩል የግእዝን፣ በሌላው የላቲንን ቃላት መጻፍ ጀመርሁ። ዲያቆን ከግሪክ የመጣ ቃል ነው፤ ግእዝ ግን በራሱ ደንብ ዲያቆናት ብሎ አበዛው። ስለዚህ እንግሊዝኛ ስታዲየምን ወይም ፎርሙላን በ«ስ» ሲያበዛ ነውር የለበትም፤ ስታዲያ እና ፎርሙሊ የሚሉትም ትክክል ናቸው።

ተማሪዎቹን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቃቸው አህጉር ነው። በግእዝ አህጉር የሀገር ብዙ ቁጥር ነበር፤ በአማርኛ ግን አፍሪካን የመሰለ አንድ ታላቅ የምድር ክፍል መጠሪያ ሆኖ ነጠላ ቃል ሆኗል፣ ሲበዛም አህጉሮች ወይም አህጉራት ይባላል። አጀንዳም በላቲን «ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች» ማለት ነበር፤ ነጠላው አጀንደም ተረሳና አጀንዳ በእንግሊዝኛ ነጠላ ሆነ፣ እንደገናም በ«ስ» በዛ። እኔ «መምህራኖች» የሚለውን በሰማሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል፤ ነገር ግን ደብር አድባር፣ አድባርም አድባራት መባሉን ሳስብ፣ ብዙን መልሶ ማብዛት የዛሬ ሰው ስንፍና ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም።

አሁን ትምህርቱን የምጀምረው ከባክቴሪያ ነው። አማርኛ ይህን ቃል ከነብዙ ቁጥሩ ተቀብሎ እንደ ነጠላ ስለያዘውና ባክቴሪያዎች እያለ ስለሚያበዛው፣ ተማሪዎቼ በእንግሊዝኛ ሲጽፉም «አንድ ባክቴሪያ» ይላሉ። ያቺ ተማሪ በደብተሯ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ነጠላው ባክቴሪየም» ብላ ጽፋ፣ ከጎኑ መላእክትን፣ ከሥሩም መልአክን አስፍራለች።