የሃዲንግተን እሳት፦ ገዳይ ፈላጊ በሌለበት ዘመን የግድያ ምስጢር መጻፍ

እ.ኤ.አ. በ1242 በስኮትላንድ ከኤድንብራ በስተምሥራቅ ባለችው ሃዲንግተን ከተማ አንድ ቤት በሌሊት ተቃጠለ። የአቶል ግዛት ወራሽ የነበረው ወጣቱ ፓትሪክ እዚያ ውስጥ አድሮ ነበር። በፈረስ ግጥሚያ ላይ ከቢሴት ቤተሰብ አንዱን ከኮርቻው ጥሎት ስለነበር፣ ገድለው ሲያበቁ ቤቱን ለኮሱት ተባለና ጣት ሁሉ ወደ ቢሴቶች ተቀሰረ። ከእነሱ አንዱ ያን ሌሊት ፎርፋር በምትባል ሌላ ከተማ ከንግሥቲቱ ጋር እንደነበር ተነገረለት፤ ንግሥት ማሪም ንጹሕ ነው ብዬ ልማልለት አለች። በፎርፋርና በሃዲንግተን መካከል ፎርዝና ቴይ የሚባሉ ሁለት ሰፋፊ የወንዝ አፎች አሉ፤ ያን ሁሉ ተሻግሮ በአንድ ሌሊት መድረስ ይከብዳል። ይህ ሁሉ ግን አላዳናቸውም፤ ቢሴቶች ርስታቸውን ተነጥቀው ተሰደዱ። ገዳዩ ማን እንደሆነ ዛሬም አልተረጋገጠም።

በመካከለኛው ዘመን ስኮትላንድ የሚካሄድ የግድያ ምስጢር መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም። የንግሥት መሐላ እንኳ ያላዳነው ለምንድን ነው? ማስረጃ መመርመር የማንም ሥራ ስላልነበረ ነው። በዚህ ዘመን ላይ የሚጻፉ ልብ ወለዶች ብዙውን ጊዜ የሚበላሹት እዚህ ላይ ነው። ደራሲው የእንግሊዝን አስከሬን መርማሪ ሹም አምጥቶ ስኮትላንድ ላይ ይሾመዋል። በስኮትላንድ ክራውነር የሚባለው አቻው ሹም ዋና ሥራው ግን የተከሰሰውን ይዞ ችሎት ማቅረብ ነበር እንጂ ሬሳ እያገላበጠ ቁስል መቁጠር አልነበረም። ግድያ፣ ዘረፋ፣ አስገድዶ መድፈርና ቤት ማቃጠል የንጉሡ ጉዳዮች ናቸው። የሚዳኙትም ጀስቲሸር በሚባለው ታላቅ ዳኛ ነው፤ እሱም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዴ ሣር ሲበቅል አንዴ በብርዱ ወራት፣ በየአውራጃው ይዞራል ተብሎ ይጠበቃል። ከግድያው እስከ ችሎቱ ወራት ያልፋሉ ማለት ነው። በእነዚያ ወራት ምስክር ይሞታል፣ ይገዛል፣ ወይም ይፈራል። የታሪኩ ሰዓት የሚቆጥረው እዚህ ነው።

ፍርዱን የሚሰጡት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ የሚመረጡትም ነገሩን አስቀድመው ያውቁታል ተብለው ነው። አውጫጭኝን የሚያውቅ የእኛ አንባቢ ይህ አይከብደውም፤ «መንደሩ ያውቃል» የሚለው እምነት ያው ነው።

ታዲያ ገዳዩን ማን ይፈልገው? እኔ የምመርጠው የሟቹን ወገን፣ በተለይ በካሳው ድርድር ጥቅሟ የሚነካ ሴት ነው። የብሬቶችና የስኮቶች ሕግ የሚባለው የድሮ የስኮትላንድ ሕግ የደም ካሳን በላም ይተምናል፤ ለንጉሥ 1000፣ ለንጉሥ ልጅ ወይም ለኤርል (ለታላቅ መስፍን) 140፣ ለቴን (ከኤርል በታች ላለ ባላባት) 100፣ ለተራ ገበሬ 16። በ100 እና በ16 መካከል ስንት ውሸት እንደሚገባ አስቡት! ሟቹ በእርግጥ የቴን ዘር ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብቻውን ግማሽ መጽሐፍ ይሸከማል። ይህን ልማድ የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ በ1305 ከልክሎታል፤ ታሪኩ ከዚያ በኋላ ከሆነ ላሙን በጥንቃቄ መንዳት ነው። በ1370ዎቹ ደግሞ ሕጉ ታስቦበት በተፈጸመ ግድያና በድንገተኛ ጠብ ደም ፈልቶ በተፈጸመው መካከል ለይቷል። ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥያቄ «ማን ገደለ?» ሳይሆን «መቼ አሰበው?» ሊሆን ይችላል።

ስለ ቤቱ። በስኮትላንዷ ፐርዝ ከተማ ዋናው ጎዳና ላይ በ1970ዎቹ የተካሄደው ቁፋሮ የተራውን ከተሜ ቤት አሳይቶናል፦ ምሰሶ፣ በመካከሉ እንደ ቅርጫት የተጠላለፈ ጭራሮ፣ ላዩ ላይ ምርግ። እንዲህ ባለ ቤት «በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር» የሚለው ምስጢር አይሠራም። ቢላዋ ያለው ሰው በጓሮ በኩል ግድግዳውን ቀዶ ይገባል፤ በዚያ ላይ ቢላዋ የሌለው ሰው አልነበረም። ጎረቤትም ሳል ሳይቀር ይሰማል። የተዘጋ ክፍል ከፈለጋችሁ ወደ ድንጋይ ሕንፃ ሂዱ። የስኮትላንድ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ በ1437 ፐርዝ በዶሚኒካን መነኮሳት ቤት ሲገደል የወለሉን ሳንቃ በእሳት መቆንጠጫ ፈንቅሎ ወደ ፍሳሽ ቦይ ወርዶ ነበር። የቴኒስ ኳሱ እየገባ ስላስቸገረው ግን መውጫውን ራሱ ከቀናት በፊት አስደፍኖት ነበር።

ብርሃንም ደራሲን ይጥላል፤ ቀንና ሌሊቱ እኩል በሆነበት አገር ያደግን ሰዎች በተለይ እንሳሳታለን። በስኮትላንዷ አበርዲን ከተማ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ ሰባት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል አካባቢ ፀሐይ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ቀኑ ወደ 18 ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ «በጨለማ ሾልኮ ወጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሰኔ ብዙ ማብራሪያ ይፈልጋል። ሰዓት የሚነግረውም የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ድንችና የዘመናችን ኪልት (የስኮቶች ወንዶች ጉርድ ቀሚስ) ገና ስላልነበሩ አይግቡ፤ ዊስኪም ቢሆን በመንግሥት መዝገብ መጀመሪያ የሚታየው በ1490ዎቹ፣ አንድ መነኩሴ ብቅል ሲሰጠው ነው።

ወደ ሃዲንግተን እንመለስ። የሣር ክዳን በአንዴ ይነድና ይደረመሳል፤ ሬሳው ከአመዱ ሥር ይወጣል። ሰውየው እሳቱ ሲነሣ በሕይወት ነበር ወይስ ቀድሞ ሞቷል? በሕይወት የነበረ ሰው ጭስ ይስባል፣ አፉና ጉሮሮው ይጠቁራል። በ1247 ቻይና ውስጥ የተጻፈ የአስከሬን ምርመራ መጽሐፍ ይህን ያውቅ ነበር፤ ሃዲንግተን ላይ ግን ያን መጽሐፍ ያየ የለም። ቢሆንም ጭስ በሞላበት ቤት ስታበስል የኖረች፣ ጥላሸት ምን እንደሚያደርግ የምታውቅ ሴት ሬሳውን ለማጠብ ትጠራለች። መንጋጋውን ለማሰር ስትጎነበስ አፉ ተከፍቶ ታየዋለች። ጣቷን እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ምላሱ ሥር ትጠርጋለች፣ ወደ ጧፉ ታስጠጋለች። ጨርቁ ነጭ ነው።