«እርድ በጥጥ ላይ»፦ የፀሐይ ሥዕል ሙከራዬ እስከ አሁን የደረሰበት

እኛ የሰዓሊ ጓደኛሞች ወረቀት በእርድ፣ በቆስጣና በመሳሰሉት የጓዳ ቀለሞች እየቀባን በፀሐይ ብርሃን ሥዕል ለማውጣት እየሞከርን ነው። እርዱ ሠርቷል። ቆስጣው ተስፋ አለው። ቀይ ሥሩ ላይ ገና እየተጨቃጨቅን ነው። ከርከዴውን ማን እንዳመጣው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ሳቃችሁን ግን ቆጠብ አድርጉ፣ ምክንያቱን ወደታች ስትወርዱ ታገኙታላችሁ።

አዲስ ለተቀላቀላችሁን ልንገራችሁ፤ ነገሩ የተጀመረው በቀልድ ነው። አንዷ ሰዓሊያችን በዓል ላይ ነጠላዋ ላይ አልጫ ፈሰሰባትና ነጠብጣቡን ፎቶ አንስታ «አዲስ ሥራ። እርድ በጥጥ ላይ። ዋጋ በስምምነት» ብላ ላከችልን። ገበያው ወዲያው ደራ። አንዱ «ቅቡስ ጥሩ ነው፣ ቅቤው በዛ» አለ። ሌላው የሐያሲ ድምፅ አውጥቶ «በፆም ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ጥልቀት ይኖረው ነበር» ሲል ፈረደ። ልጅቷ ነጠላውን በሳሙና ብታሸው ጊዜ ቢጫው ቦግ ብሎ ቀላ። እናቷ ግን አልደነገጡም፤ «ፀሐይ ላይ አስጪው፣ ይለቃል» አሏት። እውነትም ለቀቀ። «ሥራዬን ፀሐይ ወሰደችው፤ ያውም ሳትከፍል» ብላ ጻፈችልን።

ሌላው ሰው ሲስቅ እኔ እዚያ ላይ ቀረሁ። በሳሙና የሚቀላ፣ በፀሐይ የሚለቅ ቀለም በየጓዳችን ካለ፣ የፎቶ ወረቀትም በየጓዳችን አለ ማለት ነው። ፀሐይ እንድታለቅቀው የምንፈልገውን ቦታ ገልጠን፣ የቀረውን ብንሸፍነውስ?

ሳገላብጥ ሐሳቡ ዕድሜ ጠገብ ሆኖ አገኘሁት። እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆን ኸርሼል በ1842 እ.ኤ.አ. የአበባና የቅጠል ጭማቂ ወረቀት ላይ እየቀባ የፀሐይ ብርሃን እንዴት እንደሚያፈዘው ጽፏል። ሥራው አንቶታይፕ ይባላል። በዚያው ዓመት ሳያኖታይፕ የሚባለውን ሰማያዊ የፎቶ ማተሚያ ዘዴም ያገኘው እሱ ነው፤ ሰውዬው ያን ዓመት እንቅልፍ የነበረው አይመስለኝም። የሳይንስ ጸሐፊዋ ሜሪ ሰመርቪልም በአትክልት ጭማቂዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርጋ ውጤቷን ለኸርሼል በደብዳቤ ላከችለት፤ ከደብዳቤው የተወሰደው በ1846 እ.ኤ.አ. በለንደኑ የሳይንስ ማኅበር በሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ታተመ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተረሳ ማለት ይቻላል። ሁለት ምክንያት አለው፦ በጣም ቀርፋፋ ነው፣ ሥዕሉንም ማጽናት አይቻልም። ፀሐይ የሠራችውን ፀሐይ ቀስ እያለች ትወስደዋለች። ፎቶ ቤት ለሚከፍት ሰው ይህ ኪሳራ ነው። እኛን ግን የሚያስቸኩለንም የሚከፍለንም የለም።

አሠራሩን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ በዝርዝር ላስቀምጠው። የእርድ ቢጫ ቀለም ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፣ አልኮል ይፈልጋል። እኔ ከፋርማሲ የሚገዛውን አልኮል ነው የተጠቀምኩት። አረቄ ይሆናል ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁ፦ ይሆናል፣ ግን ውሃው በበዛ ቁጥር ቀለሙ ይሳሳል፤ ስለዚህ ዳግም አረቄ ይሻላል። («አረቄው ለወረቀቱ ነው ለሰዓሊው?» ያልከው ልጅ፣ መልሱን አንተው ታውቀዋለህ።) የተፈጨውን እርድ አልኮሉ ውስጥ በደንብ በጥብጦ ትንሽ ማሳደር፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ማጥለል። ከምድጃና ከሻማ ራቁ፣ የአልኮል ትነት በቀላሉ ይቀጣጠላል። ለውሃ ቀለም የሚሆነውን ወፍራም ወረቀት መጋረጃ በተዘጋበት ክፍል መቀባት፣ ሲደርቅ መድገም። የአምፖል ብርሃን አይጎዳውም፣ በጨለማ ካልሆነ ብላችሁ አትደናበሩ።

ከላዩ የምታስቀምጡት ነገር ሥዕሉን ይወስነዋል። ጀማሪ በቅጠል ይጀምር። ጤና አዳም ግሩም ነው፣ ጥቃቅን ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። እንስላል ደግሞ ጥልፍ ነው የሚሠራው። ፎቶ ማውጣት የምትፈልጉ በፎቶ ኮፒ ቤት ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አሳትማችሁ ተጠቀሙ፤ ብርሃኑ የነካው ቦታ ስለሚነጣ ምስሉ እንዳለ መታተም አለበት እንጂ እንደ ፊልም ኔጌቲቭ መገልበጥ የለበትም። ከላይ የፎቶ ፍሬም መስታወት ጫን፣ ጎንና ጎኑን በመቆንጠጫ ያዝ፣ ወደ ፀሐይ።

እዚህ ላይ አዲስ አበባ ታደላለች። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። በበጋ ጠራራ የእርድ ወረቀት በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል። ቆስጣ ቀናት ይፈልጋል፣ ቀይ ሥር ከዚያም ሊብስ ይችላል። ወረቀታችሁን ስትጠብቁ ቆዳችሁም አብሮ እየተሠራ መሆኑን አትርሱ፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጡ።

የእኔ ስቱዲዮ የኮንዶሚኒየም በረንዳ ነው። ፎቅ ላይ ያሉ እማማ ወረቀቶቹን አይተው «አንተ ልጅ፣ ምን እያሰጣህ ነው? በርበሬ ነው?» አሉኝ። «እርድ ነው እማማ፣ ሥዕል እየሠራሁ ነው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ይሁን፣ በርበሬ ስታሰጣ ግን ንገረኝ» ብለው ገቡ። ይህን ለጓደኞቼ ስነግር «የመጀመሪያዋ ሰብሳቢ ተገኘች» ተባለ።

ከፀሐይ ከወረደ በኋላ የነጠላው ሳሙና ይመጣል። ቢጫ ሥዕል በነጭ ላይ ደካማ ነው፤ ቀለል ያለ የዱቄት ሶዳ ውሃ ውስጥ ሲነከር ግን የቀረው እርድ ወደ ብርቱካንማና ቡናማ ይዞራል፣ ሥዕሉም ከወረቀቱ ይለያል። ሶዳ የለኝም ላላችሁ አንዷ ሰዓሊያችን ከቡና ማፍያዋ የከሰል አመድ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ አጥልላ ሞክራው ከሶዳ የጠነከረ ቀይ ወጥቶላታል። አመድ ውሃ ጓንት ይፈልጋል፣ እጅ ይልጣል። ያንን ቀይ ከየትኛውም ቱቦ ቀለም በላይ ወድጄዋለሁ፤ ይህን ስል የዘይት ቀለም የገዙ ሰዎች እንዳይቀየሙኝ።

አሁን ከርከዴው። ከመካከላችን አንዱ «ቀይ ቀለም ከፈለጋችሁ ከርከዴ አለላችሁ» ብሎ በሙሉ ልብ ቀባልን። ደማቅ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ወረቀቱ ላይ ሲደርቅ ግራጫ ወይን ጠጅ ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁን ለቀናት ተጫወቱበት፤ «የሐዘን ከርከዴ» የሚል ስምም ወጣለት። እኔ ግን ወረቀቱን ልከላከልለት፦ ብዙ የሥዕል ወረቀት እንዳይበላሽ ካልሲየም ካርቦኔት የሚባል፣ እንደ አመድና ሶዳ አሲድ የሚያከሽፍ ዱቄት ይገባበታል፤ የከርከዴ ቀለም ደግሞ አሲድ ሲያገኝ ይቀላል፣ የአመድና የሶዳ ዓይነት ነገር ሲያገኝ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ይሸሻል። ልጁ ይህን ሲሰማ አንድ ቃል ሳይመልስ ሎሚ ቆረጠና በብሩሽ ግራጫው ላይ ሳለ። ብሩሹ የነካው ቦታ ሁሉ ሮዝ ሆነ። በሌላ ብሩሽ ሶዳ ጨመረበት፣ አረንጓዴ ጥላ ወጣ። አንድ ጠብታ ቀለም ሳይነካ በሎሚና በሶዳ ብቻ የሴት ፊት ሠራ። ሁላችንም ዝም አልን፤ ለዚህ ቡድን ዝምታ ማለት ትልቅ ሽልማት ነው። ለእኔ ከአልጫው ወዲህ የመጣ ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው፣ ከፎቶ ወረቀቱም ይበልጣል ባይ ነኝ።

አሁን የምንጫወተው ጨዋታ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ገና ግማሽ የደረሰ ሥዕል ፎቶ አንስቶ «እንቆቅልሽ» ይላል። እኛ «ምን አውቅልሽ»። ቅጠል ነው፣ እጅ ነው፣ ወንዝ ነው እያልን እንገምታለን። ማንም ካላወቀ ባለቤቱ «አገር ስጡኝ» ይላል፣ የመጨረሻው ገማች አገር ይሰጣል። እስከዚህ ልጅነታችን ነው። የእኛ ጭማሪ፣ አገሩን የሰጠው ሰው የሰጠውን አገር በእርድ ሠርቶ ማምጣት አለበት። «ላሊበላን ሰጠሁ» ያለው ልጅ የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ከካርቶን ቆርጦ ሲያወጣ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ብልጦቹ ለመቁረጥ የሚቀል አገር ብቻ ነው የሚሰጡት። አንዱ ዳሎልን ሰጠና ባዶ ቢጫ ወረቀት ይዞ መጣ። ሕጉን ጥሷል አልጣሰም የሚለው ክርክር አላለቀም። የዳሎልን ፎቶ አይታችሁ ከሆነ፣ ቢጫው ስለ እሱ ይመሰክርለታል።

ስቶክሆልም ያለችው እህታችን ታኅሣሥ ላይ «እዚህ ፀሐይ ወጣች ስትባል ልትገባ ነው፣ እኔ ምን ልሥራ?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው፣ በዚያ ወር ቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ያችም ፀሐይ ከአድማሱ ብዙም ከፍ አትልም። «ፀሐይ በፖስታ እንላክልሽ» ተብሎ ተቀለደባት። እሷ ቀልዱን ይዛ ወረቀት በእርድ ቀብታ፣ በልጇ ከተቆረጠ የወረቀት ቅርጽ ጋር በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላ ከአንድ መንገደኛ ጋር ላከችልን። በረንዳዬ ላይ አሰጥተን፣ በሶዳ አጥበን፣ መልሰን ላክን። የስዊድን ልጅ እጅ፣ የአዲስ አበባ ፀሐይ። ከኋላው «ቀረጥ ያልተከፈለበት» ብለን ጽፈንበታል።

ቡናውን በአጭሩ ልለፈው፣ እኔ ያልሠራሁት ስለሆነ። ጥቁርና ነጭ ፊልም በቡና ማጠብ የታወቀ ነገር ነው፤ በ1995 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎችና መምህራቸው ሠርተውታል። ቡናና የልብስ ማጠቢያ ሶዳ ነው፤ ቫይታሚን ሲ በኋላ የተጨመረ ነው። የሚሠራውም ካፌይኑ አይደለም፣ ቡናው ውስጥ ያሉት እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉ ነገሮች ናቸው። የእኛ ክርክር አቦሉ ይሻላል ወይስ በረካው የሚል ነው። አሮጌ ካሜራ ያለው ወዳጃችን በሦስቱም እሞክራለሁ ብሏል፤ ቶናውን ጠጥቶ እንዳይጨርሰው የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል።

«ይሄ ላቦራቶሪ ነው እንጂ ጥበብ አይደለም» የሚሉ አሉ፣ በቅን ልብ ነው የሚሉት። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜ ከተጣሉ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችና ሰርኪዩቶች የሚሠራቸውን ሰፋፊ ሥራዎች ቀርባችሁ ካያችሁ፣ ዕቃው ራሱ ሲናገር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ የሥዕሎቹ መፍዘዝ ነው። ግማሾቻችን በስካነር እናስቀረውና ይብቃ ይላሉ። እኔ ከሌሎቹ ጋር ነኝ፦ ኤግዚቢሽን ይዘጋጅ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ሥዕሎች ላይ እንደምናየው በእያንዳንዱ ላይ መጋረጃ ይዋል፣ ማየት የፈለገ ይግለጥ። በገለጠው ቁጥር ሥዕሉ ትንሽ ይቀንሳል። አዳራሹ የሚዘጋው ወረቀቶቹ ሲነጡ ነው። «ታዲያ ማታ ማታ መጋረጃውን ገልጦ የሚያይ ዘበኛ ቢኖርስ?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። የዘበኛው ስምም ከሠዓሊዎቹ ጋር ግድግዳው ላይ ይጻፍለት ባይ ነኝ።

ቀጥሎ፦ አደይ አበባ መስከረም ላይ፣ ደመናው ከገፈፈ። እንሶስላ በሥሩ፣ እጅና እግር ላይ እንደዚያ የሚጸና ነገር ፀሐይን እንዴት እንደሚመልስላት ማየት እፈልጋለሁ። የብራና ቁራጭ ያለው ሰው ይንገረኝ፤ ብራና ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ በአልኮል የተበጠበጠው እርድ ምን እንደሚያደርገው ገና አልሞከርንም። አሮጌ የፍሬም መስታወትም እየሰበሰብኩ ነው፣ ምናለሽ ተራ ስትሄዱ አስቡኝ። ሎሚ የከርከዴው ልጅ ያመጣል፣ ይህ በድምፅ ብልጫ የተወሰነ ነው። አልጫ ግን ማንም እንዳያመጣ፤ ባለፈው የመጣው ወረቀት ሳይነካ ነው ያለቀው።