ደካማው እጅ መጀመሪያ

ዛሬ ጠዋት ስትሮክ የመታውን አባቴን ሸሚዝ አለበስኩት። መጀመሪያ ያስገባሁት ግራ እጁን ነው፤ አልታዘዝ ያለውን። ከዚያ ሸሚዙን በጀርባው አዙሬ ቀኙን። ሲወልቅ ደግሞ ግልባጩ ነው። ደህናው እጅ ቀድሞ ይወጣል፣ ደካማው ይከተላል። ሁለት ደቂቃም አልፈጀብንም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ይህንኑ ሸሚዝ ላለብሰው ስታገል እሱ በህመም ጮኸ፣ እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

ይሄን ያሳየኝ ሐኪም አይደለም። ነርስም አይደለችም።

ከሆስፒታል ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። የሐኪሙ ስም አለ። የመድኃኒቶቹ ዝርዝር አለ። ለክትትል የምንመለስበት ቀን አለ። 18 ቀን ሙሉ አባቴን ያጠበችው፣ ያገላበጠችው፣ ያበላችው ሴት ግን የለችም። ገልብጬ ጀርባውንም አየሁት። ባዶ ነው።

የነርስ ረዳት ናት። የመጀመሪያው ቀን «ሲስተር» ብዬ ስጠራት «ሲስተር እሷ ናት፤ እኔ ረዳት ነኝ» አለችኝ፣ ወዲያ ማዶ ያለችውን በአገጯ እያሳየች። ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። ለጨነቀው አስታማሚ የሆስፒታል ልብስ የለበሰ ሁሉ አንድ ነው። እያደር ገባኝ። መርፌ አትወጋም። መድኃኒት አትሰጥም። ግሉኮስ አትተክልም። የቀረው ሁሉ ግን የእሷ ነው። የቀረው ስንት እንደሆነ ያወቅኩት አጠገቧ ተቀምጬ ስውል ነው።

በሦስተኛው ቀን ምሳውን እኔ ላብላው ብዬ ተነሳሁ። የአልጋው ራስጌ ትንሽ ብቻ ነው ከፍ ያለው። እኔም ቶሎ ቶሎ አጎረስኩት። በላልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ሳል ጀመረው። አልቆም አለ። እሷ ከየት እንደመጣች አላየሁም። ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ወደ ፊት ዘንበል አደረገችው፣ እስኪረጋጋ ጠበቀች። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። «ነይ አንድ ነገር ላሳይሽ እህቴ» ብቻ አለችኝ።

ስትሮክ የመታው ሰው የጉሮሮው ጡንቻም ሊደክም ይችላል። የዋጠው ወደ ሆዱ በመውረድ ፈንታ ወደ ሳንባው ይገባል። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ አገጩን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። ግማሽ ማንኪያ። ከዚያ መጠበቅ። ማንቁርቱ ከፍ ዝቅ ሲል እስኪታይ ድረስ ሁለተኛ ማንኪያ የለም። በደካማው በኩል ጉንጩ ውስጥ ምግብ ተደብቆ እንደሆነ ይታያል፤ እሱ ራሱ ላይሰማው ይችላል። ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ ይቆማል። ሲጨርስም ለግማሽ ሰዓት ያህል አይተኛም።

ሰዓት ያዝኩ። አንድ ምሳ 40 ደቂቃ ፈጀ። ክፍሉ ውስጥ 8 አልጋ ነበር፣ ከእነዚያ ሦስቱ ራሳቸውን ችለው አይበሉም። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ስታጥበው ደግሞ ሌላ ነው። እኔ ማጠብ ማለት ማጽዳት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እሷ ጨርቁ በሄደበት ዓይኗም ይሄዳል። የጀርባው መጨረሻ፣ ዳሌው፣ ክርኑ፣ ማጅራቱ ከፍ ብሎ፣ ተረከዙ። አጥንት ለቆዳ የቀረበበት ቦታ ሁሉ። አንድ ጠዋት ግራ ተረከዙ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። እኔ ምንም አላየሁም። የእኔን ጣት ይዛ አስነካችኝ። ሳንቲም የምታህል ቦታ፣ ከዙሪያዋ ሞቅ ያለች፣ ጠጠር ያለች። «በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ቅላቱ ቶሎ አይታይም» አለችኝ። «ዓይን ይሸወዳል፣ እጅ ነው የሚያውቀው።» የአልጋ ቁስል እንዲህ ነው የሚጀምረው። ላዩ ሳይቆስል፣ አጥንትና ፍራሽ መሐል የተጨፈለቀው ሥጋ ደም እያጣ።

ባቱ ሥር ትራስ አድርጋ ተረከዙን ከፍራሹ አነሳችው። ለነርሷ ነገረቻት። የማገላበጫ ሰዓቱ በየሁለት ሰዓት ተብሎ ራስጌው ላይ ተለጠፈ። በአራተኛው ቀን ቦታዋ ቀዘቀዘች፣ ለሰለሰች። አሁን ስለዚያ ቁስል የተጻፈ ነገር የለም፤ ቁስሉ የለማ። የዚህ ሥራ ጣጣው ይሄ ነው። ሠርተሽው ከተሳካልሽ የምታሳዪው ነገር አይኖርሽም።

ዘጠነኛውን ቀን ግን አልረሳውም። ጠዋት ሙቀቱ ተለካ፣ 37.4። የደም ግፊቱ ደህና። አባቴ ተኝቷል፣ እኔም ሌሊቱን ስላልተኛ እንቅልፍ ስለወሰደው ደስ ብሎኛል። እሷ አንሶላ ልትቀይር መጣች። ሌላ ጊዜ «ዛሬስ እንዴት አደሩ አባባ፣ ሚስት አገኙ?» ትለዋለች፤ እሱም በተኮላተፈ አፉ አንድ ነገር ይመልስላታል። (ምን እንደሚላት እዚህ አልጽፍም። አባቴ ነው።) ያን ቀን አልመለሰላትም። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ የአንሶላውን ጫፍ በጣቶቹ ይለቅማል። «አባባ ዛሬ ልክ አይደሉም» አለች።

አንሶላውን አስቀመጠች። የእጅ ሰዓቷን ይዛ ደረቱን እያየች ቆመች። አንድ ደቂቃ ሙሉ። 26።

አዋቂ ሰው አረፍ ብሎ ሲተነፍስ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ነው። ሰው ሊብስበት ሲል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ትንፋሹ ነው አሉኝ በኋላ። ችላ የሚባለውም እሱ ነው። ሙቀትና ግፊት መሣሪያው ይለካል፤ ትንፋሽ ለመቁጠር ግን አንድ ሰው ሌላውን ሥራ ትቶ መቆም አለበት። ነርሷ መጥታ እንደገና ቆጠረች፣ ኦክስጅኑን ለካች፣ ሐኪም አስጠራች። ምሳ ሳይደርስ ራጅ ተነሳ። የሳንባ ምች ነው። መድኃኒቱ ያኑ ዕለት ተጀመረ።

የሦስተኛው ቀን ማንኪያዬ ይሆን እንዴ? ሐኪሙን ጠየቅኩት። «እሱን ማንም በእርግጠኝነት ሊነግርሽ አይችልም» አለኝ። ሊያጽናናኝ እንደሆነ አላውቅም። እስካሁን ማታ ማታ ይመጣብኛል።

ነርሷን ያን ቀን ማታ አመሰገንኳት። «እኔን አይደለም» አለች። «እሷ ልክ አይደለም ካለች እኔ መሣሪያውን አልጠብቅም።» ይሄን እዚህ የምጽፈው ነርሶቹን ልወቅስ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው። በአንድ ፈረቃ ስንት አልጋ ላይ እንደሚሯሯጡ አይቻለሁ። ከሁሉም በላይ የሥራዋን ዋጋ የሚያውቁትም እነሱ ናቸው።

የከነከነኝ በማግስቱ የሆነው ነው። ሐኪሞቹ ለዙር መጡ፣ ስድስት ወይ ሰባት ሆነው። ዋናው «ምግብ እየወሰዱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ወረቀት ተገለበጠ። አንዱ «አዎ፣ ይመስለኛል» አለ። እሷ ከኋላቸው ሁለት እርምጃ ርቃ የታጠፈ አንሶላ ታቅፋ ቆማለች። ማታ ግማሹን ብቻ እንደበላ ታውቃለች። ውሃ ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ፣ የሽንት ከረጢቱን ስታፈስ ጠቆር ብሎ እንዳገኘችው ታውቃለች። አንድ ሰው ዞር ቢል ኖሮ መልሱ እዚያው ቆሟል። አልዞሩም። እኔም «እሷን ጠይቋት» ማለት ስችል አፌን ይዤ ቀረሁ። ለምን? ሐኪም ፊት እንደ ተማሪ ቤት ልጅ እሆናለሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ሲወጡ እሷ ለነርሷ ሁሉንም ነገረቻት፣ ነርሷም ተከትላቸው ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ስላላስተኛኝ ስልኬ ላይ ስፈላልግ አንድ ነገር አገኘሁ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያጸደቀው የሙያዎች ምደባ አለ። ባለሙያ ነርሶች ከሐኪሞች ጋር ምድብ 2 ውስጥ ናቸው። የጤና እንክብካቤ ረዳቶች ምድብ 5 ናቸው፣ መለያቸው 5321። ምድብ 5 የአገልግሎትና የሽያጭ ሠራተኞች ነው፤ አስተናጋጁ፣ ፀጉር ሠሪው፣ የሱቅ ሻጩ ያሉበት። አስተናጋጅን ለመናቅ አይደለም፣ ራሴም በተማሪነቴ ትሪ ተሸክሜያለሁ። ምደባው ሥራው የሚጠይቀውን ትምህርትና ክህሎት ስለሚያይ የራሱ አመክንዮ አለው። ብቻ ያቺን ተረከዝ አሰብኩ። እጅ ላይ ያለ እውቀት የትኛው ምድብ ይገባል?

የወጣን ዕለት ስሰናበታት አቅፌ «እንዴት ያለሽ ደግ ሰው ነሽ» አልኳት። ሳቀች። «ደግ ያልሆንኩበት ቀንስ?» አለች። ያልኩት ነገር ቅር እንዳሰኛት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ደክሞኝ፣ ልጄ ታሞብኝ፣ ደግነቱ ከየትም አልመጣ የሚለኝ ቀን አለ። ያን ቀንም አባባን በሰዓታቸው አዙሬያቸዋለሁ።»

ይሄ ነገሯ አብሮኝ ቤት ገባ። ስንቱን ደግ ብለን አልፈነዋል? ሐኪሙ ያዳነኝ አዋቂ ስለሆነ ነው እንላለን፤ እሷ ያዳነችው ደግ ስለሆነች። ደግ ስንላት ምስጋና የሰጠን ይመስለናል እንጂ ሙያዋን ነጥቀናት ነው የምንሄደው። ሙያ ይማሩታል፣ ይሳሳቱበታል፣ ይሻሻሉበታል፣ ደመወዝ ይጨምሩበታል። ለደግነት ማን ደመወዝ ይጨምራል?

ስለዚህ ዛሬ ለሆስፒታሉ ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ደግ የምትል ቃል እንዳትገባበት ወስኛለሁ። ተረከዙን ጻፍኩ፣ ከነቀኑ። 26ን ጻፍኩ። 40 ደቂቃውን ጻፍኩ። በዙር ሰዓት እሷም ትጠየቅ ብዬ ጻፍኩ። በደንብ ሄደልኝ። ከዚያ ስሟ ላይ ስደርስ ቆምኩ። መጠሪያ ስሟን ነው የማውቀው፣ እሱንም ሌሎች ሲጠሯት ሰምቼ። 18 ቀን! ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። «የትኛዋ?» አሉኝ። «ረዳቷ» አልኩ። «ረዳቶች ብዙ ናቸው እኮ።» በዚያ ስም ሁለት አሉ። መልኳን ለመናገር ሞከርኩ፤ መካከለኛ ቁመት፣ ጠይም… ግማሹ ሰው እንደዚያ ነው። ቆይተሽ ደውዪ አሉኝ።

«ማንን ነው?» አለ አባቴ ከአልጋው። ቃላቱ አሁንም ይያያዙበታል፣ ግን ይሰማል።

ነገርኩት። ሙሉ ስሟን ማግኘት አቃተኝ አልኩት።

ሙሉ ስሟን ነገረኝ። ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ፣ እንድጽፈው።

«አንተ እንዴት አወቅክ?»

«ጠየቅኳታ» አለ። «የመጀመሪያው ቀን።»