47 ደቂቃ ንፋስ

ዛሬ ምሳዬን ረስቼ ዋልኩ። የሬዲዮ ተማሪዎቼ ከሽሮ ሜዳ የሦስት ደቂቃ ዘገባ ሠርተው እንዲመጡ አዝዤ ነበር። አንዷ 47 ደቂቃ ቀድታ መጣች! መቅጃ ስላልደረሳት በስልኳ ነው የቀዳችው (ለስንት ተማሪ ስንት መቅጃ እንዳለን ሆድ ይፍጀው)። ግማሹ ንፋስ ነው፣ የቀረው ላይ ደግሞ የታክሲ ረዳቱ "ስድስት ኪሎ፣ ፒያሳ!" እያለ ይጮኻል።

"ቲቸር፣ ሁሉንም ላጥፋው?" አለችኝ እንባዋ ሊመጣ ሲል።

ቆይ አልኳትና ቁጭ ብለን ከመጀመሪያው መስማት ጀመርን። 31ኛው ደቂቃ ላይ ሸማኔው ወሬውን ያቆምና መወርወሪያው ብቻ ይሰማል፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ከዛ ሰውየው ትንሽ ሳል ብሎ ልጁ ይሄን ሙያ እንዲወርስ እንደማይፈልግ በቀስታ ይናገራል። እሷ ግን ስክሪፕቷን የጀመረችው "ሽሮ ሜዳ በባህል ልብስ የታወቀ ሰፈር ነው" ብላ ነው። ይሄን የማያውቅ ማን አለ? ኦዳሲቲ (የድምፅ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ላይ የመወርወሪያውን ድምፅ ቆርጠን መክፈቻ አደረግነው። ረዳቱንም አምስት ሰከንድ ተውንለት፣ ሰፈሩ እሱ ነዋ።

11 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ደግነቱ ሴቭ አድርጋ ነበር። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ክፍል ውስጥ ታሰማናለች።