የድልድይ ቆጠራ፦ ከእማዬ ጋር ሁለት ሌሊት በቬኒስ

እማዬ ከአዲስ አበባ ሙኒክ መጥታ እኔ ጋ ሦስት ወር ልትቀመጥ ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እያጠፈች፣ "የወንጌላዊው ማርቆስ አገር ከዚህ ሩቅ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ግብፅን ማለቷ መሰለኝ። ለካ አብረዋት ያስቀደሱ አንዲት እናት የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም ጣልያን አገር፣ ውኃ ላይ በተሠራ ከተማ እንዳለ ነግረዋት ኖሯል። "ባቡር ይደርሳል አሉኝ" አለች። ውሰጅኝ አላለችም፤ እማዬ ስትለምን እንዲህ ነው።

ባቡሩስ ይደርሳል። ከሙኒክ ተነስቶ በብሬነር ተራራ አድርጎ፣ በቬሮና አልፎ ቬኒስ የሚገባ ቀጥታ ባቡር አለ፤ ሰባት ሰዓት ግድም ይወስዳል። ያስጨነቀኝ የእማዬ ቀኝ ጉልበት ነው። ሜዳ ላይ ብዙ ትሄዳለች። ደረጃ ሲሆን ግን፣ በተለይ ስትወርድ፣ ያማታል። ቬኒስ ደግሞ ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ የተሠራች፣ ከአራት መቶ በላይ ድልድይ ያላት ከተማ ናት፤ አብዛኛው ድልድይ በደረጃ ወጥተው በደረጃ የሚወርዱት ነው። መኪና ከተማዋ አፍ ላይ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው እግርና ጀልባ ብቻ ነው። የጀልባ ታክሲ ቢኖርም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም።

ስለዚህ የሚታየውን ከመምረጤ በፊት ድልድይ መቁጠር ጀመርኩ። መጀመሪያ የያዝኩት ክፍል "ከጀልባ ፌርማታ አምስት ደቂቃ" ይላል ማስታወቂያው። መንገዱን ካርታ ላይ በጣቴ ስከተል ሦስት ድልድይ አገኘሁ። ባለቤቱን ጠይቄ "ትንንሽ ናቸው" ሲለኝ ሰረዝኩት። ያስያዝኩት ገንዘብ አልተመለሰልኝም፤ ከመድረሳችን በፊት ማወቄ ግን ተመስገን ነው።

በሁለተኛው ማታ መልሱን አገኘሁት። ከሳንታ ሉቺያ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ወደ ግራ በሊስታ ዲ ስፓኛ የሚሄደው መንገድ እስከ ጉልዬ ድልድይ ድረስ አንድም ድልድይ የለውም። ሰፈሩ ካናሬጆ ይባላል፤ ከከተማዋ ስድስት ክፍሎች አንዱ ነው። ከድልድዩ ወዲህ፣ ትንሽ ማድቤት ያለው ክፍል ያዝኩ። አድራሻው የሰፈሩ ስምና ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ብቻ ነበር። ቬኒስ ውስጥ የቤት ቁጥር በመንገድ ሳይሆን በሰፈር ስለሚቆጠር፣ የቅያሱን ስም ለይታችሁ ካልጠየቃችሁ በሩን ለማግኘት ብዙ ትዞራላችሁ።

ሁለተኛው ግኝት ወደ ቅዱስ ማርቆስ የምንወርድበት ፌርማታ ነው። አብዛኛው ሰው የሚወርደው ሳን ዛካሪያ ነው። ከዚያ ወደ አደባባዩ ለመምጣት ግን ድልድይ መሻገር ግድ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ፎቶ በሚያነሱ ሰዎች የተጨናነቀው ነው። አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ቫላሬሶ ከወረዳችሁ በአንዲት ቅያስ ገብታችሁ፣ ድልድይ ሳትሻገሩ አደባባዩ ላይ ትወጣላችሁ። ጉልበቱን የሚያመው ወላጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከዚህ ጉዞ አንድ ነገር ብቻ ላካፍል ብባል ይህንን ነው የምናገረው።

ሙኒክ ያሉ ወዳጆቼ "ሜስትሬ እደሩ፣ ይረክሳል" ብለውኝ ነበር። ሜስትሬ በየብስ በኩል ያለው ከተማ ነው፤ እውነትም ይረክሳል። እኔ ግን አልተስማማሁም። ቬኒስን ለሁለት ቀን የሚያይ ሰው ማለዳዋንና ማታዋን ካላየ ያያት አይመስለኝም፤ ቀትር ላይ ሕዝቡ መተላለፊያ ያሳጣል። ደግሞም በታሪካዊው ከተማ እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ 175 ሺህ ሰው ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሺህ በታች ነው። እዚያ አድሮ፣ ከሰፈሩ ሱቅ ዳቦና ሽንኩርት ገዝቶ፣ ለባለሱቁ እንደምን አደሩ ብሎ መሄድ ለከተማዋ ሰዎችም ክብር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ለቀን ብቻ የሚመጣ ጎብኚ በተመረጡ የአውሮፓ ፀደይና በጋ ቀኖች የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፤ ከተማዋ ውስጥ የሚያድር ግን ከዚህ ነፃ ነው። እኛ የሄድነው መጋቢት ላይ ስለነበር ክፍያው ገና አልተጀመረም።

መጋቢትን የመረጥኩት ካርኒቫሉ ስላለፈና የውኃው ሙላት በአብዛኛው በአውሮፓ መኸርና ክረምት ስለሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 ባሕሩ 194 ሴንቲ ሜትር ደርሶ ከተማዋን አጥለቅልቋታል፤ በ2019ም 187 ደርሶ ነበር። ከ2020 ወዲህ ባሕሩ ወደ ሐይቁ በሚገባባቸው ሦስት በሮች ላይ 78 ግዙፍ የብረት መዝጊያዎች አሉ፤ ትልቅ ሙላት ሲተነበይ ከውኃው ሥር ተነስተው ይዘጋሉ። ይህን ለእማዬ ሳስረዳት "እንደ ሙሴ" አለች። የግንባታው ስም እውነትም ሞዜ ነው፤ ሞዜ ደግሞ በጣልያንኛ ሙሴ ማለት ነው።

ዐቢይ ጾም መሆኑ ግን ዕቅዱን ሌላ ነገር አስገደደው። እማዬ እስከ 9 ሰዓት ትጾማለች። የጣልያን ምግብ ቤት ማድቤቱን የሚዘጋው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ገደማ ነው፤ እስከ ማታ አይከፍትም። ስለዚህ ሽሮና በርበሬ ከሙኒክ ቋጠርን። ማድቤት ያለው ክፍል የፈለግሁት ለዚህ ነው።

ባቡሩ ከየብስ ወጥቶ ረጅሙ ድልድይ ላይ ሲገባ ግራና ቀኙ ውኃ ሆነ። እማዬ አማተበችና ዝም አለች። ከጣቢያው ስንወጣ ፊት ለፊታችን መንገድ ሳይሆን ታላቁ ቦይ ነበር፤ አረንጓዴ ውኃ፣ በላዩ ሻንጣ የጫነ ጀልባ፣ የቢራ ሣጥን የጫነ ጀልባ፣ የቆሻሻ ጀልባ። ሁለት የ48 ሰዓት የቫፖሬቶ (የሕዝብ ጀልባ) ቲኬት ገዛሁ፤ እያንዳንዱ 35 ዩሮ። አንዱ የ75 ደቂቃ ቲኬት ያኔ 9 ዩሮ ተኩል ስለነበር፣ ከሦስት ጊዜ በላይ ለሚሳፈር የ48 ሰዓቱ ቲኬት ያዋጣ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ መስመር 1 ላይ ተሳፈርን። ይህ ጀልባ ታላቁን ቦይ ከጫፍ ጫፍ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ በየፌርማታው ይቆማል። ቸኩሎ ለመጣ ሰው ያሰለቻል፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የተሻለው ጉብኝት እሱ ነበር። እማዬን መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። ድምፅ ማጉያው "ፕሮሲማ ፌርማታ" ሲል ዘወር ብላ አየችኝ። "ፌርማታ አለ እኮ!" ከዚያ በኋላ እያንዳንዷን ፌርማታ ትጠብቅ ጀመር። ጀልባው ሲጠጋ ሠራተኛዋ ወፍራሙን ገመድ ብረቱ ላይ ትወረውራለች፣ ስምንት ቁጥር አስመስላ ትጠመጥመዋለች፣ ገመዱ ይንሲጠጣል፣ ጀልባው ጥግ ይዞ ይቆማል፤ ሰው ወርዶ ሰው ሲገባ በአንድ እጇ ትፈታዋለች። እማዬ ቤተ መንግሥቶቹን ትታ የምታየው ይህችን ልጅ ነበር። "እጇን እዪልኝ" አለችኝ። እኔ ደግሞ የቤቶቹን ደጃፍ አየሁ፤ ውኃው የበላቸው የድንጋይ ደረጃዎች፣ የታችኞቹ አረንጓዴ ሽበት ያበቀሉ። ቤቶቹ የቆሙት ጭቃ ውስጥ በተተከለ የእንጨት ግንድ ላይ ነው። እንጨቱ ጭቃው ውስጥ አየር ስለማያገኝ ቶሎ አይበሰብስም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ተሸክሟቸዋል።

ቫላሬሶ ወርደን፣ በቅያሷ ገብተን፣ አደባባዩ ላይ ወጣን። ቬኒስ ውስጥ ሌላው አደባባይ ሁሉ ካምፖ ነው የሚባለው፤ ፒያሳ የሚባለው ይኸ አንዱ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታያል። እማዬ ነጠላዋን መስቀልያ አጣፋች።

የቅዱስ ማርቆስ ዐፅም እ.ኤ.አ. በ828 ከእስክንድርያ በሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች እንደመጣ ይተረካል። በስተግራ ጫፍ ካለው በር በላይ ዐፅሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲገባ የሚያሳይ የ13ኛው መቶ ዓመት ሞዛይክ አለ፤ ከፊት ለፊቱ ሞዛይኮች ከጥንቱ የተረፈው እሱ ብቻ ነው። እማዬ እዚያ ቆማ ሰዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ሰው ማርቆስ እንግዳ አይደለም። ጳጳሶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት የመጡት ከእሱ መንበር ነው፤ በ1951 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ፓትርያርክ እስኪሆኑ ድረስ። በሰኔ 1960 ዓ.ም. ከዚሁ ከቬኒስ የተገኘ የዐፅሙ ክፋይ ለግብፅ ቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ካይሮ ላይ አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅ ጃንሆይም ተገኝተው ነበር። ይህን ስነግራት "ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ በሬዲዮ ሲወራ ትዝ ይለኛል" አለች። ውስጡ ወርቅ የለበሰ ነው፤ ጣሪያው፣ ቅስቱ፣ ሁሉም። እሷ ግን ቀና አላለችም። ወደ መንበሩ አቅጣጫ ሰገደች፣ ተነሳች፣ ጉልበቷን በመዳፏ ይዛ ሁለተኛ ሰገደች። እንዳትሰግጂ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት።

የእኔ ፍላጎት ሌላ ነበር። ከአደባባዩ ማዶ ኮረር ሙዚየም አለ፤ በእሱ በኩል ወደ ማርቺያና ቤተ መጻሕፍት ጥንታዊ ክፍሎች ይታለፋል። እዚያ የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ ይገኛል። ፍራ ማውሮ እ.ኤ.አ. በ1450 ገደማ ካርታውን የሠራ የቬኒስ መነኩሴ ነው። ካርታው ዲያሜትሩ ሁለት ሜትር ገደማ የሆነ ክብ ነው፣ ሰማያዊና ወርቃማ፣ በደቃቅ ጽሑፍ የተሞላ። ደቡብን ወደ ላይ ስላደረገው አፍሪካ ከላይ ናት። ብዙ ጎብኚ አውሮፓን ፈልጎ ይቸገራል፤ እኛ ቀና ስንል አገራችንን አገኘን።

ወንዞቻችን እዚያ ናቸው። አባይ "አባዊ"፣ አዋሽ "አዋሲ" ተብሎ ተጽፏል፤ አገሩ "አባስያ"። ፍራ ማውሮ ራሱ ካርታው ላይ የጻፈውን ማስታወሻ ሙኒክ ሳለሁ በትርጉም አንብቤው ነበር፤ ይህን ሁሉ የነገሩኝ እዚያው የተወለዱ መነኮሳት ናቸው፣ አውራጃውን፣ ከተማውን፣ ወንዙንና ተራራውን ከነስሙ በገዛ እጃቸው ሣሉልኝ፣ ቦታ ስላነሰኝ ግን ሁሉንም በወጉ አላሰፈርኩም ይላል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1402፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ነብር ይዘው ቬኒስ ገብተው ነበር። "ግማደ መስቀሉ የመጣው በሳቸው ዘመን ነው" አለች እማዬ ወዲያው። አዎ፣ እሳቸው ናቸው።

ካርታው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆምን። እማዬ ፊደሉን አታነብበውም፤ የወንዙን መስመር ግን በአየር ላይ በጣቷ ተከተለችው። ከዚያ "የመነኮሳቱን ስም ጽፏል?" አለችኝ።

"አልጻፈም፣ እማዬ።"

"እነሱ ግን የወንዙን ስም ነገሩት።"

9 ሰዓት ሲሆን ቤታችን ሽሮ ሠራን። ማታ ደግሞ ጥግ ካለች ትንሽ ቤት ገብተን ፖሌንታ አዘዝኩላት፤ "ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ" ብዬ፤ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ፎርማጆን እሷም ታውቀዋለች። የመጣው የበቆሎ ገንፎ ነው። በማንኪያ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ የወይራ ዘይት ጠብ አደረገችበትና ከዳር እየቆረሰች በላች፤ የቤቱ ባለቤት ቆማ ታያት ነበር።

በመጨረሻው ቀን ጧት ሪያልቶ ገበያን ለማየት አስቤ ነበር። እማዬ ስለ መነኩሴው ደጋግማ ስትጠይቀኝ ተውኩትና ከጉልዬ ወደ ሙራኖ ደሴት የሚሄደውን ጀልባ ያዝን። ፍራ ማውሮ የኖረበት ገዳም ሳን ሚኬሌ ደሴት ላይ ነበር፤ ከናፖሊዮን ዘመን ወዲህ ደሴቲቱ የቬኒስ መቃብር ሆናለች፣ ፌርማታዋም "መቃብር" ነው የሚባለው። አሁን ያለው ነጭ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1469፣ እሱ ካረፈ በኋላ ነው። ቀይ የጡብ ግንብ፣ ከግንቡ በላይ ጥድ፣ ዙሪያውን ዝም ያለ ውኃ።

እማዬ በሩ አጠገብ ቆማ ከዘራዋን ግንቡ ላይ አስደገፈች። እኛ አገር ለሞተ ሰው ሲጸለይ ክርስትና ስሙ ይጠራል። አባታችን ሆይን ደገመች፣ ለአፍታ ዝም አለች፣ ከዚያ ቀስ ብላ "ስማቸውን አንተ ታውቃለህ" አለች። ጀልባው ሲመጣ ከዘራዋን አቀበልኳት።