የተቃጠለው በረሃ ላይ ስድስተኛ ቅዳሜዬ

ሰላም ወዳጆች! ዕፅዋት መለየት ከጀመርኩ ወዲህ የገጠመኝን ላካፍላችሁ። በየቅዳሜው ከላስ ቬጋስ ሁለት ሰዓት ያህል እየነዳሁ ዩታ፣ ሴንት ጆርጅ አጠገብ ወዳለው ሬድ ክሊፍስ ለበጎ ፈቃድ ሥራ እሄዳለሁ። ቦታው የሞሃቪ በረሃ ኤሊ መኖሪያ ነው። ኤሊዋ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ ጥበቃ ይደረግላታል። ሐምሌ 2020 ላይ ርችት ያስነሳው ሰደድ እሳት እዚያ ወደ 12 ሺህ ኤከር አቃጥሏል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ሜትር ይዘረጋል፤ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ፍሬም መሬት ላይ ይቀመጣል፤ ውስጡ ያለው ተክል ይቆጠራል። የመጀመሪያ ቀን መሬቱ አረንጓዴ ለብሶ ሳየው ደስ አለኝና "በደንብ አገግሟል" ብዬ ጻፍኩ። አስተባባሪያችን ቅጹን አይታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። "ከዚህ ውስጥ ኤሊዋ የምትበላው የቱ ነው?" ተንበርክኬ እንደገና አየሁት። ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀይ ብሮም ነበር።

ብሮም ከሜዲትራኒያን አካባቢ የመጣ መጤ ሣር ነው። የበረሃው ቁጥቋጦዎች ተራርቀው ስለሚበቅሉ፣ ድሮ እሳት ቢነሳም አብዛኛውን ጊዜ ባዶው መሬት ላይ ሲደርስ ይጠፋ ነበር። አሁን ያንን ክፍተት ብሮም ሞልቶታል። በብርዱ ወራት ዝናብ ይበቅላል፣ ግንቦት ላይ ደርቆ ጭድ ይሆናል። ከዚያ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። እሳቱ ካለፈ በኋላ ቀድሞ የሚመለሰውም እሱው ነው። ለኤሊዋ ደግሞ አይሆናትም፤ ገንቢነቱ አነስተኛ ነው፣ የዘሩ ሹል ጫፍም አፏ ውስጥ ይሰካል።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የተቃጠለ ክሪዮሶት የሚባል የበረሃ ቁጥቋጦ አገኘሁ። አሮጌው ግንዱ ከሰል ሆኗል፤ ስነካው ጣቴን አጠቆረው። ከሥሩ ግን ጉልበቴ ድረስ የሚደርሱ አዳዲስ ቅርንጫፎች ወጥተዋል። ቅጠሎቹ ሙጫ የተቀቡ ይመስል ያብረቀርቃሉ። እዚያው ጥላ ሥር ግማሽ ጨረቃ የመሰለ የጉድጓድ አፍ አለ። ደጃፉ ላይ አዲስ ዱካ! በጣም ነው ደስ ያለኝ።

አልተጠጋንም። ኤሊ ስትደነግጥ ፊኛዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች፤ በዚያ ድርቅ ይህ ሊገድላት ይችላል። ሜትሩን ራቅ አድርገን ዘረጋን።

ለጀማሪዎች አንድ ምክር፦ ሃምሳ ተክል በአንዴ ለመለየት አትሞክሩ። እኔ አምስት ብቻ ይዤ ነው የጀመርኩት። ከአምስቱ አንዱ ግሎብማሎው ነው፤ ኤሊዋ ትበላዋለች። ከጉድጓዱ ፈንጠር ብሎ በነበረው ፍሬም ውስጥ ሁለት ቆጠርኩ። ብርቱካናማ አበባ አውጥተዋል። የአንዱ ቅጠል ግማሹ ተበልቷል። ማን እንደበላው አላየሁም፣ ግን ቅጹ ላይ ጽፌዋለሁ።