ታሪክ ተምረህ ምን ትሆናለህ?

ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይህን ይጠይቀኛል። ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የእንጀራ ነገር ነው። የሚያሳስባቸው የኔው ነገር ነውና አልከፋም። ዛሬ ግን ትምህርቱ ምን እያደረገኝ እንዳለ ልጻፈው።

ሁለተኛ ደረጃ እያለን ታሪክ ማለት የነገሥታትን ስም ከነዘመናቸው መሸምደድ ነበር። ፈተና ላይ አራግፈነው እንወጣለን። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ጥያቄው ተቀየረ፤ ይህን ማን ጻፈው? መቼ? ለማን ብሎ? መጀመሪያ አሰልቺ መስሎኝ ነበር። አሁን ጋዜጣ ሳነብም፣ ሰፈር ውስጥ ወሬ ስሰማም አይለቀኝም።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ እኛ ድሬ ነው የምንላት። ሆኖም ከተማዬ ለምን እዚህ ቦታ ላይ እንደተቆረቆረች አስቤ አላውቅም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1886 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ፈቃድ ሲሰጡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። ከድሬ ወደ ሐረር በደንገጎ በሚኒባስ የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። ሐዲድ በዚያ ማስወጣት ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቆላ ቆላውን ያዘ። በ1895 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋም አብራ ተወለደች። «አዲስ ሐረር» ይሏትም ነበር። ለዘመናት የነጋዴ መናኸሪያ የነበረችው ሐረር ንግዷ ከዚያ በኋላ ወደ ቆላው ወረደ። ጀጎል ውስጥ ስዘዋወር አሁን ስለ አሚሮቹ ብቻ አላስብም፤ የግመል ጭነቱ ሲቀንስ ደላላውና ጫኙ ምን በልቶ አደረ እያልኩ አስባለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት የድሬን የባቡር ሠራተኞች ነው። እዚህ ሰው ባቡሩን አሁንም በፈረንሳይኛው «ሸማንደፈር» ነው የሚለው። ከዚራ ሰፈር በረንዳቸው ላይ ያገኘኋቸው አንድ ጡረተኛ ጋሼ ወሬ ከመጀመራቸው በፊት ከላስቲክ ውስጥ የሥራ መታወቂያቸውን አወጡ። ጠርዙ ተበልቷል፣ ፎቶው ወይቧል፣ ጽሑፉ ፈረንሳይኛና አማርኛ ነው። በእጄ ልይዘው ስል «ቀስ ልጄ፣ በዳር በዳሩ ያዘው» አሉኝ። እኔም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ያዝኩት።

እሳቸው ሹፌር ነበሩ። አሮጌው ባቡር ለምን ተዳከመ ስላቸው ሐዲዱ ነው አሉኝ፤ ያረጀ ድልድይ ላይ ሲደርሱ እንዴት ፍጥነት እንደሚቀንሱ በእጃቸው ጭምር አሳዩኝ። ጓደኛቸው ደግሞ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ጋራዥ ውስጥ ነው። «ሐዲዱማ ምን ሆነ? መለዋወጫ ነው እንጂ የጠፋው!» አሉ። አንዱ ዋሽቷል ብዬ ማለፍ እችል ነበር። ግን አንዳቸውም አልዋሹም። አንዱ ያየው በመስኮት ነው፣ ሌላው ያየው ከሞተሩ ሥር ተኝቶ ነው። የታሪክ ሰው ሥራው ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ ከመዝገቡ ጋር ማስተያየት ነው። ይህንን አስተማሪዎቼ ነግረውኝ ነበር፤ በደንብ የገባኝ ግን እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አንድ ነገር ያሳስበኛል። እነዚህ ሰዎች እያረጁ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራው ጣቢያው ያልፋል፤ አሮጌው ጣቢያና ጋራዡ ግን የሚያውቁት እነሱን ነው። ወረቀቱ ቢተርፍ እንኳ የእጁን ሥራ የሚነግረን ማነው? ስለዚህ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበርድ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ እየዞርኩ እቀዳለሁ። ማታ ማታ ቃል በቃል እገለብጣለሁ። እጅ ያዝላል።

እስካሁን ያናገርኳቸው ወንዶች ብቻ ናቸው። በሽንሌና በአይሻ በኩል በዚያው ባቡር እየተመላለሱ ሲነግዱ የኖሩ እናቶች አሉ፤ በደመወዝ መዝገብ ላይ አይገኙም፤ ተቀጣሪ አልነበሩማ። አንዷን መጋላ ሰፈር ውስጥ የሚያውቃት ሰው አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ገበያ ሳይሞቅ ይዞኝ ሊሄድ ተቀጣጥረናል።